ሙሾ ቆራጩ

ሰውዬውን የጠላሁት ባለቤቴን በቀበርን ሳምንት ነው። ከዚያ በፊት ብዙም ትዝ አይለኝም ነበር። የእድራችን ሰብሳቢ ነው። ከረባት ያስራል፤ ማይክራፎን ሲይዝ ድምፁን ያለሰልሳል፤ ሲናገር ዓይኑን ይጨፍናል። እዚህ ሮም ሰው ሲሞትብን አዳራሽ ተከራይተን ለቅሶ የምንቀመጠው በእድሩ ስለሆነ ከእሱ ማምለጥ አይቻልም። ድምፅ የሚቀዳውም እሱ ነው። አገር ቤት ያሉ ዘመዶች ለቅሶው እንዴት እንደነበር መስማት ይፈልጋሉ፤ እሱ ይቀዳል፣ በኮምፒውተር ያስተካክላል፣ ይልካል።

ባለቤቴ ቀለም ቀቢ ነበር። ሆስፒታል ብዙ ጊዜ ተኛ። ሰብሳቢው ቤቱ ከሆስፒታሉ በእግር የሚደረስ ሆኖ ሳለ አንድ ቀን ብቅ አላለም። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጓደኛዬ ታውቃለች፤ ሾርባ በቴርሞስ ይዛ ከእኔ ጋር የምትመላለሰው እሷ ነበረች።

ጓደኛዬ የወሎ ሰው ነበረች፤ አልቃሽ። ቃሉን ለማያውቅ ወጣት ልንገረው፤ ለቅሶ ላይ ቆማ ሟቹን በግጥም የምታነሳና ሴቶቹን የምታስለቅስ ማለት ነው። ሮም ውስጥ እንደ እሷ የሚያውቅበት አልነበረም። ቀን ቀን የሰው ቤት ታጸዳለች፤ ለቅሶ ሲኖር ነጠላዋን ዘቅዝቃ ትቆማለች። አልቃሽ እንደልቧ የመናገር መብት አላት። ሟቹን ታመሰግናለች፣ በቁም ያለውን ትነካለች። የተነካው ሰው አንገቱን ደፍቶ ይሰማል እንጂ አይመልስም። እኛ ዘንድ ደንቡ እንዲህ ነው።

በባለቤቴ ለቅሶ ቀን ሰብሳቢው ስለ ደግነቱ ረጅም ንግግር አደረገ። ሲጨርስ ጓደኛዬ ተነሳች። በቀለሙ ጀመረች።

የሰው ቤት ግድግዳ ሲያስጌጥ ኖሮ ኖሮ፣
ቀለም ወዳጣ ቤት ገባ አፈር ተቆፍሮ።

ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ዞረች። ጣቷን አልቀሰረችም፤ ፊቷን ብቻ ነው ያዞረችው።

ሆስፒታል ተኝቶ ዓይኑ በር ሲጠብቅ፣
ዛሬ ተናጋሪው የት ነበር ሲማቅቅ?

በማይክ ያለቅሳል ድምፁን አለስልሶ፣
ያኔ ሳይጠይቀው፣ ዛሬ ጥቁር ለብሶ።

ሰውዬው አንገቱን ደፋ። እኔ በዚያ ሁሉ ሐዘን መሃል አንዲት ጉርሻ የጎረስኩ ያህል ጠገብኩ። ነገሩ እዚያው ቢያልቅ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ የተቀዳው ድምፅ ደረሰን። ደሴ ላሉት ለባለቤቴ እህቶችም ደረሳቸው። ስከፍተው የሰብሳቢው ንግግር ከነሳሉ አለ። የወንዶቹ ንግግር ሁሉ አለ። የጓደኛዬ ድምፅ የለም። የሌሎቹም ሴቶች የለም። ባለቤቴ ሴት በሌለበት አገር የተቀበረ ይመስላል። እህቶቹ ደወሉና «የሚያለቅስለት ሰው አልነበረም እንዴ?» አሉኝ። እኔ ምን ብዬ ልመልስ? ደረቴ ገና ከመመታቱ ብዛት ሲነካ ያመኝ ነበር።

ሰብሳቢው ዘንድ ሄድኩ።

«እማማ፣ አጽድቼው እኮ ነው» አለኝ። «ሙሾ ሥርዓት አይደለም። ውጭ አገር ነው ያለነው፤ ሠልጥነን ብንታይ ምናለበት?»

«ምኑን ነው ያጸዳኸው? ቆሻሻው የቱ ነበር?»

«ጩኸቱን ነዋ።»

«እኔ ነኝ የጮኽኩት። ባሌ ነው የሞተው።»

ሙሉውን አንድ ቀን እሰጥዎታለሁ አለ። ዛሬ፣ ነገ ሲል ዓመታት አለፉ። ጓደኛዬ ግን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። «ተዪው፣ ጆሮው የሰማውን ከጆሮው አይቆርጠው» ትለኝ ነበር። እኔ አልተውኩም። ለቅሶ ቤት ባየሁት ቁጥር ሰላም እለዋለሁ፣ እጁን ግን ጠበቅ አድርጌ ነው የምጨብጠው።

ከዚያ ጓደኛዬ ራሷ ሞተች። ወደ ሥራ ስትሄድ፣ ትሬኒኖውን፣ ትንሿን የከተማ ባቡር፣ እየጠበቀች፣ ፌርማታው ላይ ወደቀች። ለቅሶዋ ላይ ተሰብስበን ቆምንና እርስ በርሳችን ተያየን። የምታስለቅሰን ሴት ራሷ ሳጥን ውስጥ ናት። ማን ይጀምር? ሁላችንም የመቀበል እንጂ የማውጣት ልምድ የለንም። ዝም ብለን አለቀስን፣ ያለ ግጥም። ሰብሳቢው ግን ንግግር አልጎደለበትም።

ልጇ እዚሁ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ግማሽ ነው። ቶር ፒኛታራ ያለው ቤቴ መጣችና «ኖና፣ የእናቴ ድምፅ አለሽ?» አለችኝ፤ አያቴ ማለቷ ነው። ስልኳ ውስጥ ያለው «ሽንኩርት ግዢ» እና «ደርሰሻል ወይ?» የሚል ብቻ ነው። «ሰዎች እናትሽ እንዲህ ነበረች፣ አዳራሽ ታናውጥ ነበር ይሉኛል። እኔ ሥራና ትምህርት እያልኩ አንድም ቀን አልሰማኋትም።»

«ለሙት ዓመቷ ትሰሚያታለሽ» አልኳት። ከአፌ ወጣ፤ አለቀ።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ሰው በተሰበሰበበት ሰብሳቢውን ጠየቅኩት። «የባለቤቴን ለቅሶ ሙሉውን ስጠኝ። የእሷ ድምፅ እዚያ ነው ያለው።»

«ፋይሉ አሮጌው ላፕቶፕ ውስጥ አለ፣ እማማ። የሚከፍተው ነው የጠፋው። የድምፅ መቁረጫው ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ሲበላሽ ተሰረዘ። እንደገና ልጭን ገብቼ ሳይ ኩባንያው አቁሞታል። አይሸጥም።»

«አይሸጥም ማለት የለም ማለት ነው?»

«ያው ነው።»

«ያው አይደለም። እኔ ባሌን አልሸጥም፤ ነበረኝ ግን።»

ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ፤ ግን ደስ አላለውም። «እማማ፣ ይሄ ቴክኖሎጂ ነው፣ አይግቡበት። ከፈለጉ ላፕቶፑን እንኩ ይውሰዱት፤ ሊጣል ነው። ሽንኩርት መክተፊያ ያደርጉታል።»

«እወስደዋለሁ» አልኩ። ፌስታል ውስጥ ከትቶ፣ ከነገመዱ፣ በገዛ እጁ ሰጠኝ። ሰው ጠላቱን እንዲህ ሲያስታጥቅ አይቼ አላውቅም።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልበል። አስመራ ተወልጄ እስከ አራተኛ ክፍል በአማርኛ ተማርኩ። ጣሊያንኛ እናገራለሁ፣ ማንበቡ ግን አይሆንልኝም። ስለዚህ የፔርሜሶዬም፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ ሆነ የቤት ኪራይ ወረቀት የሚያነብልኝ ሌላ ሰው ነው። እንደ እኔ የኖረች ሴት ሁሉ የምታውቀው ነገር አለ፤ የሚያነብልሽ ሰው መሃል ላይ ደርሶ «የቀረው ያው ነው» ካለ፣ መጥፎው ነገር ያለው በቀረው ውስጥ ነው። በዚህ ምክንያት አንዴ ከተከራየሁት ቤት ተባርሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ ማንም ያንብብልኝ፣ እስከ መጨረሻዋ ፊርማ ሳይደርስ እንዲያቆም አልፈቅድለትም።

በዚያን ጊዜ የምሠራው ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ አንድ ጣሊያናዊ ሽማግሌ እያስታመምኩ ነበር። ድሮ ሬዲዮ ጣቢያ ድምፅ ቆራጭ ነበሩ። ነጭናጫ ናቸው፤ እግራቸው እምቢ ብሎ ምላሳቸው ብቻ የሚሠራ። ላፕቶፑን ያመጣሁ ቀን ምሳቸውን አቀረብኩላቸው።

«ሲኞራ፣ ፓስታውን ገደሉት እኮ።»

«ዛሬ መሞት ያለበት ፓስታው አልነበረም።»

ሹካቸውን አስቀመጡ። «አሎራ፣ ታዲያ ማነው?»

ነገርኳቸው። የአልቃሽን ነገር ለማስረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ሲገባቸው ፊታቸው ቀላ። «የለቅሶ ድምፅ ቆረጠ? ሳልና የወንበር ሲጢጥታ ነው የሚቆረጠው! ፕሮግራሙ የትኛው ነው?» ላፕቶፑ ክዳን ላይ የተለጠፈውን ምልክት አሳየኋቸው። ሳቁ። «በዚህማ የመጨረሻ ዓመታቴን ሠርቼበታለሁ። ምርጥ ነበር። ከዚያ ትተውት በየወሩ የሚከፈልበት ሌላ አመጡ። ቂም ይዤባቸዋለሁ።»

«ቂም ለጤና ጥሩ አይደለም» አልኳቸው፤ እኔ በቂም ቀጥ ብዬ የቆምኩት ሴትዮ።

ኮምፒውተራቸውን ከፈቱና የፕሮግራሙን ሠሪዎች ድረ ገጽ አወጡ። እየተረጎሙ አነበቡልኝ። «ይህ ምርት ተቋርጧል። አይሸጥም። እርዳታ አይሰጥበትም። ሰውዬው አልዋሸም፣ ሲኞራ። የቀረው ያው...»

«ያው አይባልም። እስከ ታች።»

«የሕግ ወሬ ነው።»

«ወሬውን ያንብቡልኝ።»

«በደቃቅ ፊደል ነው!»

«መነጽርዎን ላምጣልዎ።»

መነጽራቸውን ሰጠኋቸው። እየተነጫነጩ፣ እያዛጉ፣ ሆን ብለው እንደ ቄስ እያዜሙ አነበቡልኝ። ታች ሲደርሱ ዜማው ቆመ። አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ሊያስነኩ ደረሱ።

«ምን ይላል?»

«ቀድሞ ለገዙ ሰዎች ከዚህ ማውረድ ይቻላል ይላል። መክፈቻ ቁጥሩም ይኸው ተቀምጧል። ሲኞራ፣ በሩን ዘግተው ቁልፉን ምንጣፉ ስር ትተውታል!»

ማውረጃውን ሊጫኑ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። «ቆይ። ለገዙ ነው የሚለው። እድሩ ገዝቶት ነበር ወይስ ሰብሳቢው ከሆነ ቦታ አምጥቶት ነበር?»

«ማን ያጣራል?»

«እኔ።»

ተናደዱብኝ። ግን ሰው የሰው ነገር ወሰደብኝ ብዬ ተነስቼ እኔም የሰው ነገር ብወስድ በየትኛው አፌ ልናገረው? ትዝ ሲለኝ ያንን ፕሮግራም በሴቶቹ መዋጮ የገዛችልን ጓደኛዬ ራሷ ናት። ልጇ ጋ ደወልኩ። በማግስቱ ፕሮግራሙ የመጣበትን ካርቶን አመጣችው፤ የእናቷ መርፌና ክር ተሞልቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። የተገዛበት ደረሰኝ ውስጡ ተለጥፏል። ሽማግሌው ክሩን አንድ በአንድ አውጥተው ካርቶኑን አገላብጠው አዩ። «ቫ ቤኔ፣ ይሁን» አሉ። «በሕይወቴ ሕጋዊ በቀል ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።»

ፕሮግራሙን ላፕቶፑ ላይ ጫኑት። የባለቤቴ ለቅሶ ተከፈተ። ድምፁ ስክሪኑ ላይ ረጅም መቀነት ሆኖ ተዘረጋ፤ ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ግራጫ። ሽማግሌው ግራጫውን እያዩ በሳቅ ፈረሱ።

«እኛ ቴፑን በምላጭ ስንቆርጥ የተቆረጠው ወለል ላይ ይወድቃል፣ ይጠረጋል፣ በቃ። ይህ ግን አይቆርጥም፣ ይደብቃል። ሰብሳቢዎ ምላጭ የያዘ መስሎታል። ሁሉም አለ!»

ግራጫው ላይ አንዴ ሲነኩ ሰማያዊ ሆነ። ልጇ አጠገቤ ቆማለች። መጀመሪያ የወንበር ድምፅ፣ ከዚያ «ጫማዬን ያዙልኝ» የሚል ድምፅ መጣ። ለካ ጫማዋን አውልቃ ነበር የምታለቅሰው። ቀጥሎ ያ አዳራሽ የሚያናውጥ ነገር መጣ። ልጇ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ሽማግሌው ቃሉ አይገባቸውም፤ ግን እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙን፤ ሲያልቅ «መተንፈስ ባለባት ቦታ ብቻ ነው የምትተነፍሰው» አሉ።

እኔ አላለቀስኩም። የሚቀጥለውን ፋይል ይክፈቱ አልኳቸው። የሌላ ሰው ለቅሶ ነው፤ ያም ግራጫ አለበት። የሚቀጥለውም። ሰውዬው የባለቤቴን ብቻ አልነበረም የቆረጠው። ከሁሉም ለቅሶ ላይ ሴቶቹን ሁሉ ደብቋል፤ በሁሉም ውስጥ ጓደኛዬ አለች። መጨረሻ ላይ በገዛ እናቱ ስም የተቀመጠ አገኘን። አገር ቤት ሞተው እዚህ መርዶ ያረዳነው ጊዜ የተቀዳ ነው። እሱም ግራጫ ነበረበት። «ይህ ይቆይ» አልኩ።

የሙት ዓመቷ ቀን አዳራሹ ሞላ። ሰብሳቢው ማይኩን ይዞ ዓይኑን ጨፈነ። «ድምፅዋ በልባችን ይኖራል» ሲል ተነሳሁ።

«በልባችን ብቻ ለምን ይኖራል? እኔ ይዤው መጥቻለሁ።»

«እማማ፣ መርሐ ግብሩ ላይ የለም...»

«እኔ አስገባሁት። ተቀመጥ።»

ልጇ ላፕቶፑን ከስፒከሩ ጋር አገናኘችው። «ጫማዬን ያዙልኝ» ሲል ድምፁ፣ አንዷ «ወይኔ! እኔ ነኝ የያዝኩላት!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ሙሾው ወጣ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ቆሙ፣ ተቀበሉ፣ ደረታቸውን መቱ። ካሴት እንደሚሰማ ሰው አልነበሩም፤ እሷ መሃላቸው እንዳለች ነው የተቀበሏት። ልጇ መሃል ገባች። መቀበሉን አታውቅበትም፤ ከአጠገቧ ያለችውን አፍ አፏን እያየች ተቀበለች። እኔ ዓይኔን ከሰብሳቢው አልነቀልኩም። «ዛሬ ተናጋሪው የት ነበር ሲማቅቅ» የሚለው ሲደርስ ማይኩ እጁ ላይ ነበር። የሚያስቀምጥበት አጣ።

«ሰብሳቢ፣ ማይኩን አስጠጋላትማ፣ በደንብ አልተሰማም!» አለች ከኋላ አንዲት ምላሰኛ።

«ድገሙት!» አለች ሌላዋ።

ደገምነው። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ? ለዓመታት የተጠማሁትን ጠጣሁ። ሲወጣ እጁን ሊሰጠኝ መጣ፤ አልጨበጥኩትም።

ከዚያ ወዲህ የተደበቁትን ለየቤተሰቡ መመለስ ጀመርኩ። አንድ ቤተሰብ ሙሉውን ባገኘ ቁጥር በእድሩ የስልክ ቡድን ላይ «እናታችን እንዲህ ተለቅሶላት ኖሯል!» ብሎ ይለጥፋል። ሰብሳቢው እያንዳንዱን ያነባል። እንዲያነብ ነው የምፈልገው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰብሳቢው የሽማግሌውን ቤት ደወል ደወለ። ከረባት አላሰረም። ላፕቶፑ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት ነው።»

«እሺ፣ ለምነኝ።»

«የእናቴን እንዳይከፍቱት።»

«ለምን?»

 ቀስ ብሎ «ጓደኛዎ ምን እንዳለች አውቃለሁ» አለ። «ስትለው እዚያ ነበርኩ። እህቶቼ እንዳይሰሙት ነው የቆረጥኩት። ለእነሱ የመኖሪያ ወረቀት የለኝም፣ እናታችንን ለማየት ከጣሊያን መውጣት አልችልም ብያቸው ነበር። ወረቀቱ ነበረኝ። ሥራ እንዳያመልጠኝ ነው የቀረሁት።»

ሽማግሌው ከሳሎን «ያ ሰውዬ ነው?» ብለው ጮኹ። «ነው!» አልኩ። «በሩን ይቆልፉበት!» አሉ።

እኔ ቆሜ አየሁት። ይህን ጊዜ ስንት ቀን ስመኘው ኖሬያለሁ፤ ለምኖኝ፣ እምቢ ብዬው፣ በነጋታው ለሁሉም ልለቅበት። ግን ነገሩን ስመዝነው፣ እናት የእሱ ናት። ድምፁ ግን የእሱ አይደለም፤ የጓደኛዬ ነው። እሷ ለእናቱ ያለቀሰችውን መደበቅ የእሱ መብት አይደለም፤ መልቀቁም የእኔ መብት አይደለም።

«አልከፍተውም» አልኩት። ትከሻው ሲወርድ አየሁ። «አንተ ትከፍተዋለህ። ቁጭ በል።»

«እማማ...»

«አንተ ነህ የደበቅከው። ቁጭ በልና በገዛ ጣትህ አውጣው።»

ተቀመጠ።  ግራጫው ላይ ደርሶ ብዙ ቆየ። ልረዳው እችል ነበር፤ አልረዳሁትም። በመጨረሻ ነካው። ድምፅዋ ወጥ ቤቱን ሞላው።

ደወለልኝ ብላ ስልኩን እየሳመች፣
የልጇን ዓይን ሳታይ እንዲሁ አለፈች።

ወረቀት በእጁ መንገድ ክፍት ሳለ፣
ሥራዬን ብሎ ነው እናቱን የጣለ።

እንደዚያ ቀን አንገቱን ደፋ። ማይክ የለም፣ ንግግር የለም። ትከሻው ብቻ ይርገበገባል። መሐረብ አላቀበልኩትም። ሲያልቅ ልዘጋው እጄን ብዘረጋ ያዘኝ።

«ለእህቶቼ ልላከው?» አለ። ፈቃድ እየጠየቀኝ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«እኔን አትጠይቀኝ። ስልክህን አውጣ።»

ድምፁን ወደ ስልኩ ከተትኩለት፤ ሽማግሌው ያስተማሩኝን ያህል። መልእክት ጻፈ፣ አጠፋ፣ እንደገና ጻፈ። ከትከሻው በላይ ቆሜ አነበብኩት። «አውታሩ መጥፎ ስለነበር ተቆርጦ ነበር» ይላል።

«አጥፋው» አልኩት። «እውነቱን ጻፍ።»

አጠፋው። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ሽማግሌው ከሳሎን «ምሳዬ!» እያሉ ይጣራሉ፤ አልመለስኩላቸውም። በመጨረሻ «እኔ ነኝ የቆረጥኩት። መምጣት እየቻልኩ ነው የቀረሁት» ብሎ ጽፎ ጣቱን አየር ላይ አንጠልጥሎ ቀና ብሎ አየኝ።

«ላክ» አልኩት።